አሳይለም የገባችው ሴት

አሳይለም የሚለውን ቃል የማያውቅ ስደተኛ ያለ አይመስለኝም። በውጭ አገር ያደግን ልጆች ቤት ውስጥ፣ በአማርኛ ወሬ መሀል ከሰማናቸው የመጀመሪያዎቹ የፈረንጅ ቃላት አንዱ ነው፦ «አሳይለም ጠየቀ»፣ «አሳይለሟን ሰጧት»፣ «የእገሌ አሳይለም ውድቅ ሆነበት»። ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን፣ የገባበትን ሰው ማንም የማይነካበት ቦታ፣ መጠጊያ ማለት ነው።

ነርሲንግ መማር ስጀምር ይኸው ቃል በሌላ በኩል መጣብኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የአእምሮ ሕሙማን የሚገቡበት ቦታ «ሉናቲክ አሳይለም» ይባል ነበር። «ሉናቲክ» የመጣው ከላቲኑ የጨረቃ ስም ነው፤ የሰው አእምሮ የሚታወከው በጨረቃ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር። ሁለቱ ቃላት ሲገጣጠሙ «የእብዶች መጠጊያ» ይሆናሉ። «እብድ» የሚለውን ቃል እዚህ የምጠቀመው የዘመኑን ሕግና አነጋገር ለመግለጽ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማስረዳችሁ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1901፣ አንዲት እንግሊዛዊት ሴት ወደዚህ መጠጊያ እንዴት ትገባ እንደነበር ነው። ቪክቶሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ከፊልምና ከልብ ወለድ ነው፦ ክፉ ባል ጤነኛ ሚስቱን «አበደች» ብሎ ያስገባታል፣ በሩ ይቆለፋል፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። አብዛኞቹ ሴቶች የገቡት ግን በዚህ መንገድ አልነበረም። የገቡት በሕግ በተዘጋጀ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የተዘጋጀው ሰው ያለ አግባብ እንዳይዘጋበት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ቤተሰብ፣ ሐኪም፣ ሹምና ዳኛ ቃላቸውን የሚሰጡበት ቦታ ነበራቸው። ሴትዮዋ ግን አልነበራትም። እሷ ያለችው ነገር ከተጻፈም የሚጻፈው የበሽታዋ ምልክት ሆኖ ነው። ይህ ነገር ለእኛ፣ በሁለት ቋንቋ መሀል ለምንኖር ልጆች፣ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ቅዱሳን ስሞች

ለንደን ውስጥ በ1247 የተመሠረተ አንድ ገዳም ነበር፤ የተሰየመውም በቤተልሔም ቅድስት ማርያም ነው። ከጊዜ በኋላ የአእምሮ ሕሙማን የሚቀመጡበት ሆስፒታል ሆነ። የለንደን ሰው «ቤተልሔም» የሚለውን ስም እያሳጠረ «ቤድላም» አለው። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ቤድላም» ማለት ትርምስ፣ ጩኸት፣ ሥርዓት የጠፋበት ቦታ ማለት ነው። አብዛኛው ተናጋሪ ቃሉ ከጌታ የትውልድ ከተማ እንደመጣ አያውቅም።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። «ይሄ ልጅ አማኑኤል መግባት አለበት» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? የአዲስ አበባው የአእምሮ ሆስፒታል ስም በአማርኛ ስድብ ሆኗል። አማኑኤል «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ማለት መሆኑን በዚያ ሰዓት ማንም አያስታውሰውም። ይህን ያነሳሁት የቪክቶሪያ ዘመን ሰዎችን ከእኛ የባሱ ጨካኞች አድርገን እንዳናይ ብዬ ነው። ፍርሃቱም ሐፍረቱም እኛ የምናውቀው ዓይነት ነበር።

ሁለት በሮች

ከ1845 በፊት አብዛኛው ደሃ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚገኘው በቤተሰቡ ጓዳ፣ በእስር ቤት፣ ወይም «ወርክሃውስ» በሚባለው የድሆች መጠለያ ነበር። ወርክሃውስ ማለት መንግሥት ለደሃው ምግብና ጣሪያ ሰጥቶ በምትኩ ከባድ ሥራ የሚያሠራበት፣ ባልና ሚስት የሚነጣጠሉበት፣ ሰው እንደ ውርደት የሚፈራው ቦታ ነው። በ1845 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው እያንዳንዱ የእንግሊዝ አውራጃ ለድሆች የአእምሮ ሕሙማን አሳይለም እንዲሠራ አስገደደ። ሁለተኛው ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች ያሉበት የኮሚሽነሮች ቡድን አቋቁሞ አሳይለሞችን ሁሉ እየዞሩ እንዲመረምሩ ሥልጣን ሰጠ። የቡድኑ ሊቀመንበር በሕፃናት የፋብሪካ ሥራ ላይ ባደረገው ትግል የሚታወቀው ሎርድ ሻፍትስበሪ ነበር፤ በ1885 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ኃላፊነት ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ወደ አሳይለም የሚያስገቡ ሁለት በሮች ነበሩ፤ የከፋዮችና የደሆች።

የሚከፍል ቤተሰብ ላላት ሴት ሕጉ ሦስት ወረቀት ይጠይቃል። አንዱ አስገቢው፣ ብዙ ጊዜ ባል፣ አባት ወይም ወንድም፣ የሚፈርመው ትእዛዝ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሐኪም ምስክር ወረቀቶች ናቸው። ሐኪሞቹ በሥራ የተሻረኩ መሆን የለባቸውም። እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ሴትዮዋ ከመግባቷ በፊት ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ሊያዩዋት ይገባል። 7 ቀን ካለፈ ወረቀቱ አይሠራም። ይህን 7 ቀን ያዙልኝ፤ አንዲት ሴት በኋላ ትጠቀምበታለች።

ለደሃዋ ሴት መንገዱ ሌላ ነው። ቤተሰቧ ወይም ጎረቤቷ ለሰፈሩ የድሆች ድጎማ ሹም ይነግራል። ሹሙ ለአካባቢው ዳኛ ያሳውቃል። ዳኛው ሐኪም ያስጠራል፤ ሐኪሙ አንድ ምስክር ወረቀት ይጽፋል፤ ዳኛው ይፈርማል። ዳኛ ካልተገኘ የሰፈሩ ቄስና የድጎማ ሹሙ በአንድነት መፈረም ይችሉ ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በአሳይለም ከነበሩት ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የገቡት በዚህ በር ነው።

ለባለገንዘብ ሁለት ሐኪም፣ ለደሃ አንድ ሐኪም የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ሕግ አውጪዎቹ የሚፈሩት የውርስ ጉዳይ ነበር። ባለጸጋን ዘመዱ ንብረቱን ለመብላት ሲል «አብዷል» ሊለው ይችላል፤ ደሃን ግን ማን ምን ሊወርስ ብሎ ያስገባዋል ብለው አሰቡ። በደሃው ጉዳይ ዳኛ የገባውም ወጪው ከሕዝብ ግብር ስለሚከፈል ጭምር ነው።

አንዲት ሴት እንከተል

ነገሩ እንዲገባን አንዲት ሴት እንከተል። ሴትዮዋ የእኔ ምሳሌ ናት፤ የደረሰባት ግን በዘመኑ መዝገቦች ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ ነው።

ዕድሜዋ 29 ነው። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው። አራተኛ ልጇን ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ከአምስት ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሌሊቱን ሙሉ ትናገራለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ትናንት «ይሄ ልጅ የእኔ አይደለም፣ ለውጠውብኛል» ብላ ጡት ከለከለችው። ጎረቤቶች ተራ ገብተው ጠበቋት፤ እነሱም ግን ሥራና ልጆች አሏቸው። ባልየው አንድ ቀን ከሥራ ከቀረ የዚያን ቀን ምግብ የለም። በአራተኛው ቀን ወደ ድጎማ ሹሙ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶበት ነው።

የዘመኑ ሐኪሞች ለዚህ ስም ነበራቸው፤ «የወሊድ እብደት» ይሉት ነበር። ዛሬ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ የምንለው ነው። ከ1,000 ወላዶች አንድ ወይም ሁለት ላይ ይደርሳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚነሳ፣ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ከታከመ ግን ይድናል። በቪክቶሪያ ዘመንም ቢሆን በዚህ ምክንያት ከገቡት ሴቶች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ድነው ይወጡ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች «የማጥባት እብደት» የሚሉትም ነበራቸው፤ በደንብ ሳትበላ ልጅ ላይ ልጅ እየወለደች ለረጅም ጊዜ የምታጠባ፣ ደሟ ያነሰ፣ አቅሟ የተሟጠጠ ሴት ላይ የሚጽፉት ነው። ለእንዲህ ያለችዋ ሴት እንቅልፍ፣ ሥጋና ወተት ትልቅ መድኃኒት ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ወግ ማንሳት ተገቢ ነው። በሐበሻ ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም። አያቶቻችን ምክንያቱን ሲጠየቁ «ክፉ መንፈስ እንዳይተናኮላት» ይሉ ነበር። ምክንያቱን ተውትና ሥራውን ተመልከቱት፦ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሕፃኑን የሚቀበል፣ እናትየው እንቅልፍ ማጣቷን የሚያይ፣ አነጋገሯ መለወጡን ቀድሞ የሚሰማ ሰው ሌት ተቀን አጠገቧ አለ። ዛሬ በስደት አፓርታማ ውስጥ፣ ባሏ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ እናቷ ቪዛ የተከለከለች አራስ ግን ከአያቷ ይልቅ ለዚህች የለንደን ሴት ትቀርባለች።

«ያየሁት» እና «የተነገረኝ»

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከላይ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ያገባች መሆኗ፣ ሥራዋና ሃይማኖቷ ይጻፋል። ቀጥሎ ጥያቄዎች አሉ፦ ሕመሙ የመጀመሪያዋ ነው ወይ? ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት? ምክንያቱ ምን ይመስላል? የሚጥል በሽታ አለባት? ራሷን ልታጠፋ ትሞክራለች? ለሌላ ሰው አደገኛ ናት? ለምክንያቱ በተተወው ቦታ ላይ «ወሊድ»፣ «ሐዘን»፣ «የቤት ውስጥ ችግር»፣ «ሃይማኖታዊ ስሜት»፣ «መጠጥ»፣ «የዕድሜ ለውጥ»፣ «ድህነት» የሚሉ መልሶች ይገኙ ነበር።

ከዚያ የሐኪሙ ክፍል ይመጣል፤ በእኔ ግምት የወረቀቱ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ነው። ሕጉ ሐኪሙን ማስረጃውን በሁለት እንዲከፍል ያዘዋል። አንደኛው ክፍል «እኔ ራሴ ያየኋቸው የእብደት ምልክቶች» ነው። ሁለተኛው «ሌሎች የነገሩኝ» ነው፤ በዚህኛው የነገረው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፋል። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የወጣ ማሻሻያ ደግሞ በሁለተኛው ብቻ የተመሠረተ ምስክር ወረቀት ዋጋ እንደሌለው ደነገገ። ሰው በወሬ ብቻ አይዘጋበትም ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ተገርሜ ነበር፤ ምክንያቱም ዛሬ እኛ ዋርድ ላይ የምንማረው ይኸው ነው። የሕመምተኛ መዝገብ ስትጽፍ ያየኸውን ያየሁት በል፣ የሰማኸውን ማን እንዳለው ጻፍ፣ ያሰብከውን ከሁለቱ ጋር አትቀላቅል። «ቁጡ ናት» አይጻፍም። «ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ‹አትንኩኝ› አለች» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሕግ እያለ ነገሩ የት ላይ ይበላሽ ነበር? ሐኪሙ ወደ ክፍሏ ከመግባቱ በፊት ከባሏ ጋር ተነጋግሯል። ምን እንደሚያይ ተነግሮት ነው የሚገባው። የሚቆየውም ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ የማታውቀው ሰው ቤቷ ገብቶ ሲጠይቃት ብትቆጣ «የተረበሸች» ትባላለች። ዝም ብትል «የተከዘች» ትባላለች። ባሏን ብትከስ ክሱ እውነት ይሁን ውሸት ሳይጣራ «በባሏ ላይ የተሳሳተ እምነት አላት» ሊባል ይችላል። በዚህ መንገድ «የተነገረኝ» ቀስ ብሎ ወደ «ያየሁት» ይሻገራል። ወረቀቱ ላይ «ሴትዮዋ ስለ ራሷ ምን ትላለች?» የሚል ጥያቄ ስለሌለ መሻገሩን የሚያቆመው ነገር አልነበረም።

ከበሩ ባሻገር

ለንደን አካባቢ ከነበሩት ትልልቅ የድሆች አሳይለሞች መካከል በ1831 የተከፈተው ሃንዌልና በ1851 የተከፈተው ኮልኒ ሃች ይገኙበታል። ሴትዮዋ ስትደርስ ገላዋን ያጥቧታል፣ ጸጉሯን ያያሉ፣ ሰውነቷ ላይ ያለ ጠባሳና ብልዝ ሁሉ ይመዘገባል። ምዝገባው አሳይለሙ በኋላ «እናንተ መታችኋት» እንዳይባል ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን ቤቷ ውስጥ የደረሰባትንም አንዳንዴ ይገልጥ ነበር። ልብሷ ተወስዶ የተቋሙን ቀሚስ ትለብሳለች። ዋናው ሐኪም ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ፣ 7 ቀን ሳይሞላ፣ ስለ ሁኔታዋ ለኮሚሽነሮቹ መጻፍ አለበት። ከዚያ የእሷ ገጽ በትልቁ የሕመምተኞች መዝገብ ላይ ይከፈታል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይጻፍበታል፤ በቆየች ቁጥር ጽሑፉ እየሳሳ፣ እየራቀ ይሄዳል።

በሰሪ አውራጃ አሳይለም የሴቶች ክፍል ኃላፊ የነበረው ዶክተር ሂው ዳይመንድ በ1850ዎቹ ሕመምተኞቹን ፎቶ ያነሳ ነበር። ፎቶግራፍ ገና አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ ከሰው ፊት ላይ በሽታን ማንበብ ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ሴቶቹ ዛሬም ያዩናል፤ የአብዛኞቹን ስም ግን ከፎቶው ላይ አናገኘውም።

እውነቱን ለመናገር አሳይለም ለሁሉም ሲኦል አልነበረም። በ1839 በሃንዌል ዶክተር ጆን ኮኖሊ ሰንሰለትና እጅ ማሰሪያ አስቀርቶ ሕመምተኛ ሳይታሰር መታከም እንደሚችል አሳየ። ለደሃዋ ሴት በቀን ሦስቴ መብላት፣ ለብቻ አልጋ መተኛት፣ ከዱላ መራቅ ምናልባት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ዕረፍት ነው። ሴቶቹ በልብስ ማጠቢያ፣ በስፌትና በወጥ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ወንዶቹ በእርሻና በዕደ ጥበብ። ችግሩ መጠጊያው በፍጥነት መሙላቱ ነው። ኮልኒ ሃች ከ1,000 ለሚበልጡ ሰዎች ተሠርቶ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ2,000 በላይ ይዟል። በ1900 በእንግሊዝና በዌልስ በእብድነት የተመዘገቡት ሰዎች ከ100,000 አልፈው ነበር። አንድ ሐኪም መቶዎችን ሲያይ የማንኛዋም ገጽ በጥንቃቄ አይጻፍም።

ጤነኛ ሚስቶችስ ተዘግቶባቸው ነበር?

አዎ፣ የታወቁ ጉዳዮች አሉ። ሁለቱን ልጥቀስ።

ሮዚና ቡልወር ሊተን የደራሲውና የፖለቲከኛው የኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ሚስት ነበረች፤ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። በሰኔ 1858 እሱ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ሆኖ በሄርትፎርድ የምርጫ መድረክ ላይ ሲቆም፣ እሷ ከሕዝቡ መሀል ተነስታ ጉዱን በአደባባይ ዘረገፈችው። ብዙም ሳይቆይ የሐኪም ወረቀት ተጽፎባት ወደ አንድ የግል አሳይለም ተወሰደች። ጋዜጦች ጮኹ፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተለቀቀች።

ሁለተኛዋ ዘፋኟ ጆርጂና ዌልደን ናት። ከባሏ ተለይታ ቻርለስ ዲከንስ ይኖርበት በነበረው ቤት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ታሳድግ ነበር፤ ከሙታን መናፍስት ጋር መነጋገር እንደሚቻልም ታምን ነበር። በ1878 ባሏ ሊያስገባት ፈለገ። ሐኪሞች ለሕፃናቱ የሚያስቡ በጎ አድራጊዎች መስለው፣ በሐሰት ስም ቤቷ ገብተው አነጋገሯት። ሊወስዷት ሲመጡ አመለጠች። ከዚያ ያንን 7 ቀን ተደብቃ ቆየች፤ ወረቀቱ ጊዜው አለፈበት። ያገባች ሴት በራሷ ስም መክሰስ የቻለችው ግን በ1882 ከወጣው ያገቡ ሴቶች ንብረት ሕግ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጆርጂና ሐኪሞቹን እየተራች ፍርድ ቤት አቆመቻቸው፣ ካሳም አስፈረደች።

በ1877 የተቀመጠ የፓርላማ ኮሚቴ ጤነኛን ሰው በተንኮል ማስገባት በስፋት የሚደረግ ነገር ሆኖ አላገኘውም። ቢሆንም የሕዝቡ ፍርሃት አልበረደም። በ1890 የወጣው ሕግ የሚከፍሉትንም ያለ ዳኛ ትእዛዝ ማስገባትን ከለከለ፤ በአስቸኳይ ጊዜ ብቻ ለ7 ቀን ተፈቀደ።

ሮዚናም ጆርጂናም ብዕር፣ ገንዘብና ጋዜጣ ነበራቸው። ለምሳሌ የወሰድናት የቀን ሠራተኛ ሚስት ምንም አልነበራትም። ስለ ጤነኛ ሚስቶች የተጻፈው ብዙ የሆነው፣ ታማ ገብታ የተረሳችዋ ግን ያልተጻፈላት ለዚህ ይመስለኛል።

መውጫው

ከፋይ የሆነችን ሴት ያስገባት ፈራሚ ራሱ በጽሑፍ ሊያስወጣት ይችል ነበር። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ1862 ጀምሮ ሕመምተኛ ለኮሚሽነሮቹ የምትጽፈው ደብዳቤ ሳይከፈት እንዲደርስ ታዘዘ፤ ለሌላ ሰው የምትጽፈው ግን በዋናው ሐኪም ፈቃድ ነበር።

ብዙ ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ይወጡ ነበር። ባሎች «ልጆቹ እናታቸውን ይፈልጋሉ፣ መልሱልን» ብለው የጻፏቸው ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤቶች ተቀምጠዋል። ጠያቂ የሌላቸው ግን እዚያው አርጅተው እዚያው ተቀበሩ። በአሳይለሞቹ ውስጥ የሴቶች ቁጥር ከወንዶች ይበልጥ የነበረበት አንዱ ምክንያትም ዕድሜ ነው፤ ብዙ ወንዶች የሚገቡት ቂጥኝ አንጎላቸውን ጎድቶት ስለነበር ቶሎ ይሞቱ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ አንዲት ደሃ ሴት በገዛ እግሯ ወደ ሕዝብ አሳይለም ሄዳ «አሞኛል፣ ተቀበሉኝ» ብትል፣ «እብድ» ሳትባል የምትገባበት መንገድ በጠቅላላው አልነበረም። ይህን የፈቀደው በ1930 የወጣው ሕግ ነው፤ «አሳይለም» የሚለውን ስምም በ«የአእምሮ ሆስፒታል» የተካው እሱ ነው።

ዛሬና እኛ

እዚህ እንግሊዝ ዛሬ የሚሠራው መሠረታዊ ሕግ የ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ ነው። አሁንም ሁለት ሐኪሞች ያስፈልጋሉ። ከእነሱ ጋር ሐኪም ያልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሶሻል ወርከር የሆነ፣ የሠለጠነ ባለሙያ አለ። ይህ ሰው ሕመምተኛዋን በሚስማማት መንገድ ማነጋገር አለበት ይላል ሕጉ። ለምርመራ የምትያዝበት ጊዜ እስከ 28 ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ይግባኝ ማለት ትችላለች፤ መብቷም በሚገባት መንገድ ሊነገራት ይገባል። በአሮጌው ወረቀት ላይ የጎደለው የእሷ ቃል አሁን ቦታ አግኝቷል።

አማርኛ ብቻ የምትናገር እናት ስትሆን ግን ያ ቃል በማን አፍ ያልፋል? ብዙዎቻችን በ10 እና በ12 ዓመታችን ጀምሮ የቤተሰቡ አስተርጓሚ ነበርን። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ሐኪሙ «ያየሁት» ብሎ የሚጽፈው በእርግጥ «የተነገረኝ» ነው። ተርጓሚው ክፉ ባይሆንም ያፍራል፣ ይጠብቃል፣ ያሳጥራል። «እናቴ ደህና ናት፣ ትንሽ ደክሟት ነው» ይላል።

ቋንቋውም ራሱ ወጥመድ አለው። «እኔ ልሙት!» ስንል መሐላ ነው። «ልሙትልህ» ፍቅር ነው። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩ ሁለቱም መሞት የምትፈልግ ሴት ያስመስላሉ። በተቃራኒው «ሞቼ ባረፍኩት» የምትል እናት አንዳንዴ ምሬቷን እየተነፈሰች ነው፣ አንዳንዴ ግን የእውነቷን ነው። ይህን የሚለየው ተርጓሚው አይደለም። ተርጓሚው ቃሉንም፣ በአማርኛ እንዴት እንደሚባልም ነግሮ፣ ሐኪሙ ራሱ እንዲጠይቃት መንገድ ይከፍታል።

ስለዚህ ለዘመዳችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያ ሙያተኛ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ይህ በነፃ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል» ብላችሁ አስጽፉ። አስተርጓሚ እስኪመጣ በድንገት እናንተ ላይ ከወደቀ፣ እሷ ያለችውን እሷ እንዳለችው ተናገሩ፤ እናንተ ያያችሁትን ደግሞ «ይሄ የእኔ ነው» ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። ከቤተሰብ ውጭ ለብቻዋ የምትናገርበት ጊዜ እንዲሰጣት ጠይቁ፤ የሚያስቸግራት ሰው አጠገቧ የቆመው ሊሆን ይችላል። ወረቀት ከተሰጣት አንብቡላት፣ ይግባኝ የምትልበትን ቀን ንገሯት። አራስ ከሆነች ደግሞ ከሁሉ በፊት ስንት ሌሊት እንዳልተኛች ጠይቁ፤ መልሷን እሷ ራሷ ትስጥ።